«እርስዎ ቁጭ ይበሉ» እያልን አናስረጃቸው

እዚህ ጅማ ጨዋ ልጅ የሚባለው ትልቅ ሰው እጅ ላይ ዕቃ አይቶ ዝም የማይል ነው። ዘንቢሉን ይቀበላል፣ ጀበናውን ያነሳል፣ በርጩማ ያቀርባል፣ ከዚያ «ኧረ እርስዎ ቁጭ ይበሉ» ይላል። ትልቁም ሰው መርቆ ቁጭ ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው፣ እኔም በዚሁ ነው ያደግኩት። ግን ስለ መርሳት በሽታ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ፣ በተለይ ጡረታ ወጥተው ቤት የዋሉትን የሰፈራችንን ሰዎች ሳይ፣ ይሄ ጨዋነት ልክ ሲያልፍ እየጎዳቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ ገበያ መሄድ እናስቆማቸዋለን። ቀጥሎ የቤቱን ሒሳብ ከእጃቸው እንወስዳለን። ቀጥሎ ማብሰሉን። በመጨረሻ ቴሌቪዥን ፊት እናስቀምጣቸውና «አሁንስ በጣም እየረሱ ነው» ብለን እንገረማለን።

ሐኪም አይደለሁም። የሚያነብ ሰው ነኝ፣ ያነበብኩትን ከሰፈሬ ጋር እያስተያየሁ ነው የምጽፈው። ስለዚህ መድኃኒት ጀምሩ ወይም አቁሙ ስል ካያችሁኝ አትስሙኝ።

መርሳት ሁሉ በሽታ አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የሰው ስም ምላስ ላይ ይቀራል፣ መነጽር ግንባር ላይ ሆኖ ቤት ይገለበጣል፣ «ምን ልወስድ ነበር የገባሁት?» ተብሎ ጓዳ መሃል ይቆማል። ይሄ የኔም ነው፣ የእናንተም ነው። የሚያሳስበው ሌላው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ከዚሁ ከጅማ መርካቶ ወደ ቤት የተመላለሱበት መንገድ ሲጠፋቸው። አንድ ጨዋታ በአንድ ቡና ላይ እንደ አዲስ ደጋግሞ ሲነሳ። ብር ቆጥሮ መልስ መስጠት ሲያስቸግር። ወይም ደግሞ ጨዋታ አዋቂው ሰው ድንገት ተጠራጣሪ ሆኖ ሠራተኛዋን «ወርቄን ወሰድሽ» ማለት ሲጀምር። እነዚህን «ጃጅተዋል፣ ምን ይደረግ» ብሎ መዝጋት ነው ትልቁ ችግራችን።

አንዲት ጎረቤታችን አሉ፣ ቡናቸው የተመሰገነ እናት። ልጃቸው ነገሩን ያወቀችው በቡና ነው። አንድ ከሰዓት ብረት ምጣዱን ከሰሉ ላይ ባዶውን ትተው የታጠበውን ጥሬ ቡና ሙቀጫ ውስጥ ጨመሩና መውቀጥ ጀመሩ። ጥሬ ቡና ደግሞ አይወቀጥም፣ ይፈናጠራል። ፍሬው በቄጤማው ላይ እየተበተነ እሳቸው ዘነዘናውን «ምን ሆነ ይሄ?» እያሉ ያዩታል። ልጅቷ ሳቀች መጀመሪያ። ከዚያ እናቷ እንዳልቀለዱ ገባትና ሳቋ ተቋረጠ።

እስቲ ቡና ማፍላት ምን ያህል ሥራ እንደሆነ አስቡት። አጥቦ፣ ሳያሳርሩ ቆልቶ፣ ጭሱን አዙሮ አሽትቶ፣ ወቅጦ፣ ውኃው እስኪፈላ ጠብቆ፣ ጨምሮ፣ ሲገነፍል ቶሎ አውርዶ፣ እስኪሰክን ታግሶ፣ ስኒ ቆጥሮ፣ ማን በስኳር ማን ያለ ስኳር ማን በጨው እንደሚጠጣ ይዞ፣ ያን ሁሉ ደግሞ እያወሩ። አንጎል ውስጥ ነገርን በቅደም ተከተል የሚያስይዘው ክፍል ሲደክም ቀድሞ የሚበላሸው እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ሐኪም ቤት ወረቀት ላይ ሰዓት ሳል እያሉ የሚፈትኑትን እኛ ቤት ቡና በየቀኑ ይፈትነዋል። ቡናውን ከእጃቸው ስንቀበላቸው ታዲያ መልመጃውንም ፈተናውንም አብረን ነው የምናነሳው።

አሁን በሽታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አንዲት በ51 ዓመቷ ሆስፒታል ስለገባች ሴት ለባልደረቦቹ ሲናገር ብዙም ጆሮ የሰጠው አልነበረም። ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ አይቶ እንግዳ የሆነ ክምችትና የተጠላለፈ ክር የመሰለ ነገር አግኝቶበታል። ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ ከመርሳት በሽታዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚይዘው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚከተለው ነው፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰው ከዚህ ዓይነት ሕመም ጋር እንደሚኖር ገምቷል፣ ከመቶው ከ60 በላይ የሚሆነው ደግሞ እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው። የፈረንጅ በሽታ ነው የምትሉ ካላችሁ አይደለም።

የሚያድን መድኃኒት የለም። ሌካኔማብ የሚባል አንድ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል፣ እሱም ገና ጀማሪ ለሆነ ሰው ውድቀቱን ትንሽ ያዘገያል እንጂ አይመልስም፣ ዋጋው ደግሞ ለእኛ የሚነገር አይደለም። እሱን እንተወው።

የሚገርመው ሌላው ወሬ ነው። በሽታው ምልክት ከማሳየቱ 10 እና 20 ዓመት ቀድሞ አንጎል ውስጥ ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ ለ70 ዓመት ሰው ማስታወስ በ45ና በ50 ዓመቱ የሚያደርገው ትልቅ ድርሻ አለው። እኔ እንግዲህ እዚያው ላይ ነኝ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ነገሮችን ዘርዝሮ፣ እነሱ ቢስተካከሉ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር ይላል። ይሄ ማለት ግን አንድ ሰው ሁሉን ካደረገ አይያዝም ማለት አይደለም። ዕድሜና ዘር የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በጥንቃቄ ኖሮም የሚያዝ አለ፣ «እንዲህ ባታደርግ ኖሮ» ብሎ የታመመን ሰው መውቀስ ነውር ነው።

ከ14ቱ ውስጥ ሁለቱ እያንዳንዳቸው 7 በመቶ ይዘው ከሁሉ በላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል ነው፣ በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ከፍ ሲል። ሌላኛው ግን ማንም የማይገምተው ነው። ጆሮ።

የጆሮን ነገር ደግሞ እኛ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለነዋል።

አንድ ጡረታ የወጡ ሾፌር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ዘመናቸውን ሙሉ ቡና ጭነው ከጅማ አዲስ አበባ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው፣ የድሮ መኪና ጩኸት ደግሞ ለጆሮ ምሕረት የለውም። ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ዳሱ ጥግ ተቀምጠው ለሁሉም ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ታገኟቸዋላችሁ። «ጋሼ፣ ልጅዎ ከአዳማ መጣ?» ሲባሉ «ደህና ነው፣ ዝናቡ ግን በዛ» ይላሉ። ሰው ይተያያል። «አይ ጋሼ፣ አበቃላቸው» ይባላል በሹክሹክታ፣ ምንም ሹክሹክታ ባያስፈልገውም። እኚሁ ሰውዬ ግን ማታ በራቸው ላይ በቆርኪ ዳማ ሲጫወቱ ጎረምሳውን ሁሉ ተራ በተራ ያስነሱታል። የማን ቆርኪ ከየት እንደተነሳ አይጠፋቸውም። ጭንቅላታቸው ደህና ነው፣ አልሰሙም እንጂ። የልጅ ልጃቸው ጎትታ ጆሮ ሐኪም ጋ ወሰደቻቸውና የመጀመሪያው ነገር ምን ሆኖ ተገኘ? ኩክ! ደርቆ የደፈነ ኩክ። እሱ ሲወጣ የችግሩ እኩሌታ አብሮ ወጣ። የቀረው የዕድሜና የሞተር ነው።

ጆሮ ከማስታወስ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ሰው በደንብ ካልሰማ አንጎሉ ድምፁን ለመፍታት ብቻ ይለፋል፣ ለማስታወስ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል። ከዚያም ይብስና ሰውዬው ጨዋታው ስለማይገባው ከሰው ይርቃል። «ምን አልክ?» ማለት ያሳፍራል እኮ። ለቅሶውንም፣ እድሩንም፣ ቡናውንም ቀስ በቀስ ይተዋል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 84 የሆኑ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አለ። የመስሚያ መሣሪያ ያገኙት ሰዎች ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ ልዩነት አልታየም፣ ሐቁን መናገር ይሻላል። ግን ለመርሳት በሽታ የበለጠ ተጋላጭ የነበሩት ላይ የማሰብ አቅማቸው የሚወርድበት ፍጥነት በ3 ዓመት ውስጥ 48 በመቶ ቀንሷል። መሣሪያው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ጆሮ ማስመርመር ግን ያን ያህል አይደለም። ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠቅልሎ መጎርጎርም ይቅር፣ ኩኩን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። እናንተ ደግሞ ከጓዳ ሆናችሁ አትጩሁባቸው። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ቀንሳችሁ፣ ረጋ ብላችሁ አውሩ።

ዓይንም እንደዚያው ነው፣ በ2024ቱ ዝርዝር ውስጥ አዲስ ገብቷል። የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለበት ሰው በቀዶ ሕክምና ማየት ሲችል የማስታወስ ዕድሉም የተሻለ ሆኖ የታየበት ጥናት አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው። «አርጅቻለሁ፣ ዓይን ምን ያደርግልኛል» የሚሉ እናቶችን እባካችሁ ውሰዷቸው።

ወደ ግፊት ልምጣ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ንዴት አለብኝ። መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ግፊት ከሚለኩት ሰዎች አጠገብ ትንሽ ቁሙ። 180 በ100 ሆኖ «ምንም አያመኝም እኮ» የሚል ትሰማላችሁ። «መድኃኒቱ አለኝ፣ ሲያመኝ እወስደዋለሁ» የሚል ትሰማላችሁ። «ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ጀምሬያለሁ፣ ኪኒኑን ተውኩት» የሚልም አይጠፋም። ግፊት ዋናው ተንኮሉ አለማመሙ ነው። ራስ ምታት እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ ዓመት ከዓመት ትንንሾቹን የአንጎል ደም ሥሮች እያስመታ ነው። አንጎል ክብደቱ ከሰውነታችን 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ሰውነት ከሚያወጣው ጉልበት ግን 20 በመቶ የሚሆነውን ብቻውን ይወስዳል። ያን ሁሉ የሚያደርሱለት እነዚያ ደም ሥሮች ናቸው። እነሱ ሲጠብቡና ሲደፈኑ አንዳንዴ በአንድ ጊዜ ስትሮክ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳያውቅ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ይሞታል።

አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ9,300 በላይ የግፊት ሕመምተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን የላይኛው ቁጥር ከ120 በታች እንዲሆን፣ ግማሾቹን ከ140 በታች እንዲሆን አድርገው ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት ከ120 በታች የሆኑት ቀለል ባለው የማስታወስ ችግር የመያዝ ዕድላቸው 19 በመቶ ገደማ አንሷል። ይሄ ለእያንዳንዱ ሰው 120 ይሁን ማለት አይደለም። ለአንዳንድ አዛውንት ግፊት በጣም ሲወርድ ሲነሱ ያዞራቸዋል፣ ይወድቃሉ። ቁጥሩን ሐኪም ይወስን። ኪኒኑ ግን «ሲያመኝ» አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ላይ ነው። ስኳርም እንደዚሁ፣ ሲጋራም እንደዚሁ።

ምግብ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላ፣ አሳ ከተገኘ አሳ። አቮካዶ እዚህ ጅማ በወቅቱ እንደ ድንች ተከምሮ ነው የሚሸጠው፣ እሱን ትተን በሚረጋ ዘይት የተጠበሰ ነገር እንበላለን። ጨው ቀንሱ። በቃ።

አሁን ወደ ተነሳሁበት ጉዳይ። ቁጭ ማለት።

አንጎል ውስጥ አዲስ ነገር የሚመዘግብ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ዕድሜ ሲገፋ ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት 120 ትልልቅ ሰዎችን ወስዶ እኩሌታዎቹን በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ አደረገ፣ ሌሎቹን ሰውነት ማፍታቻ ብቻ። ከዓመት በኋላ የተራመዱት ሰዎች ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። የሌሎቹ ቀንሷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን እርምጃ እንጂ ጂም እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ጅማ ደግሞ ለእርምጃ የተሠራች ከተማ ናት። ማለዳ ወደ ጅሬን አቀበቱን ተያያዙት፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ባትደርሱም ግድ የለም። ዝናቡ አስቸጋሪ ነው፣ ጭቃውም አለ፣ ስለዚህ ጥላና የማያንሸራትት ጫማ። ትልቅ ሰው ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ሌላ ጣጣ ነው።

ፊንላንድ ውስጥ ደግሞ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆኑ 1,260 ሰዎችን ለ2 ዓመት ምግባቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውን፣ የአእምሮ ልምምዳቸውን፣ ግፊትና ስኳራቸውን አንድ ላይ አድርገው ቢከታተሏቸው፣ ተራ ምክር ብቻ ከተሰጣቸው የተሻለ የማሰብ ውጤት አመጡ። ያንን ሳነብ ያሰብኩት የእኛን ገበያ ነው። አንዲት እናት ሐሙስ ቀን መርካቶ ስትወጣ ትራመዳለች፣ ትሸከማለች፣ ዋጋ ታስታውሳለች፣ ካለፈው ሳምንት ጋር ታወዳድራለች፣ ትከራከራለች፣ መልስ ትቆጥራለች፣ የደንበኛዋን ልጅ ሠርግ ትጠይቃለች። ይሄን ሁሉ በአንድ ዙር የሚያሠራ ክሊኒክ የት ይገኛል?

ቋንቋውም አለ። ጅማ ገበያ ላይ አንዲት ነጋዴ በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ ትጨርሳለች፣ ዳውሮኛ ወይም የምኛ ወይም ካፍኛ የሚናገር ከመጣም ቆጥራ የምታስረክበው በራሱ ቋንቋ ነው። ፊደል የቆጠረችም ላትሆን ትችላለች። ሕንድ ሃይደራባድ ውስጥ 648 የመርሳት በሽተኞችን አይተው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት፣ ከአንድ በላይ ቋንቋ የሚናገሩት በሽታው የጀመራቸው አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚናገሩት 4 ዓመት ተኩል ዘግይቶ ነው። ማንበብና መጻፍ በማይችሉትም ላይ ልዩነቱ ታይቷል። ሌሎች ጥናቶች ይሄን ያህል አላገኙም፣ ክርክሩ እንዳለ ነው። እኔ በበኩሌ የማይጎዳ ነገር ስለሆነ እቀበለዋለሁ። ልጆቻችሁንም አያታቸው በሚያወሩት ቋንቋ እንዲመልሱ አድርጉ።

የትምህርት ማነስ በ14ቱ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ ያስከፋቸው አንዲት እናት «እኛ ሳንማር ቀረን፣ በቃ ልንረሳ ነው?» ብለውኛል። አይደለም። መማር አንጎልን እንደ ጎተራ ነው የሚሞላው፣ አይጥ ቢገባም ቶሎ አይራቆትም። ጎተራው ግን በልጅነት ብቻ አይደለም የሚሞላ። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስንት ጎልማሳ ፊደል እንደቆጠረ እናቶቻችንን ጠይቋቸው። እድር ላይ ጸሐፊ መሆን፣ ለልጅ ልጅ ተረት መንገር፣ ቁርኣን ወይም ዳዊት መቅራትና መድገም፣ ገበጣ፣ ዳማ፣ አዲሱን ስልክ መልመድ፣ ሁሉም ይቆጠራል። ስልኩን ስታስለምዷቸው ግን ቀምታችሁ አትንኩላቸው። እሳቸው ይንኩ። ይሳሳቱ። ለአንዲት የቪዲዮ ጥሪ ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚታገል ሽማግሌ ማየት ትዕግሥት ያስጨርሳል፣ ግን ያ ግማሽ ሰዓት ነው የሚጠቅመው።

ብቸኝነት እኛ ጋ የለም የሚል አለ። ቤቱ ሰው የሞላበት ብቸኛ አይታችሁ አታውቁም? ልጆች አረብ አገር፣ ሌሎቹ ሥራ፣ የቀሩት ስልክ ላይ። አያት ሶፋ ላይ። ሰላምታ ይሰጣቸዋል፣ ምግብ ይቀርብላቸዋል፣ የሚያወራቸው የለም። ሲጠየቁም «በሉ?» «ተኙ?» ብቻ ነው። እስቲ ምክር ጠይቋቸው። የመሬቱን ድንበር፣ የዘመዱን ስም፣ ወጡ ለምን እንደቀጠነ። የሚፈለግ ሰው አንጎሉን ይፈልገዋል።

እንቅልፍ። አንጎል በእንቅልፍ ሰዓት ቆሻሻውን ያጥባል፣ ተመራማሪዎች ይሄን አጥብቀው ማጥናት ከጀመሩ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። እዚህ ከተማ ስለ እንቅልፍ ጽፎ ስለ ጫት ዝም ማለት ደግሞ አይሆንም። ጫት ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ልብ ያስሮጣል፣ ሌሊቱን ያፈጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ ለማምጣት ጠጅ ወይም ቢራ ይከተላል። በ30 ዓመት ዕድሜ የሚቻል ይመስላል። ቡናም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ስለዚህ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አዛውንት ማታ በረካ ላይ ባይቀመጡ ይሻላል። ቡና ተዉ አላልኩም! ጅማ ተቀምጬ እንዲህ ብዬ የት አድራለሁ። ቀን ይጠጡት። በእንቅልፋቸው የሚያንኮራፉና ትንፋሻቸው ቀጥ የሚል ሰዎች ደግሞ ሐኪም ይያቸው።

የባጃጅና የሞተር ነገርም አለ፣ ጭንቅላት መመታት ከ14ቱ አንዱ ነው፣ ሄልሜት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ምንም አያድንም። ጭስም አለበት፣ እንጨት የሚነድበት ማዕድ ቤት ቢያንስ መስኮት ይኑረው።

ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለሚሸጡት «የማስታወስ ኪኒኖች» ገንዘብ አታውጡ። ከዛፍ ቅጠል የሚሠራው ታዋቂው ጊንኮ እንኳ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የመርሳት በሽታን እንዳልከለከለ እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል። ልዩነት ያለው የጎደለን ነገር መሙላት ላይ ነው። ቫይታሚን ቢ 12 ሲጎድል ሰው ይረሳል፣ እጅ እግሩን ይደነዝዘዋል። ይሄ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተት፣ ከአሳ ነው። ሥጋ ወተት ለማይቀምሱ ሰዎች፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት ለሚወስዱም የመጉደል ዕድሉ ይጨምራል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ ይታከማልም። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስም፣ ድብርትም የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ፣ ሁለቱም ይታከማሉ። «የዕድሜ ነው» ተብለው ስንት ሊድኑ የሚችሉ ሰዎች ቤት ተቀምጠው ይሆን?

አንድ ነገር ደግሞ ከሁሉ ለዩልኝ። መርሳት በዓመታት ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ትናንት ደህና የነበሩ እናት ዛሬ ቀንና ሌሊት ከተምታታባቸው፣ የሌለ ሰው ካዩ፣ አንዴ ነቅተው አንዴ ከደነዘዙ፣ ያ እርጅና አይደለም፣ ድንገተኛ ሕመም ነው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ወይም የመድኃኒት ጣጣ ሊሆን ይችላል። ሰፈራችን አንዲት እናት እንዲህ ሆነው «ተለክፈዋል» ተብሎ ቀናት ካለፉ በኋላ የሽንት ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኝቷል። አፋቸው የተጣመመ፣ እጃቸው የከዳቸው፣ ንግግራቸው የተኮላተፈ ከሆነ ደግሞ ስትሮክ ነውና ጠበልም ዱዓም መንገድ ላይ ይሁን፣ መጀመሪያ ሆስፒታል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ያዙ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ጭምር። የእንቅልፍ ኪኒን፣ እነ ዳያዜፓም፣ እነ አሚትሪፕቲሊን፣ አንዳንድ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች የትልቅ ሰው ጭንቅላት ያደበዝዛሉ፣ ሐኪሙ ካላያቸው አያውቅም። መርሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንዳቃታቸው በምሳሌ ጽፋችሁ ሂዱ። ያቺ ልጅ ስለ ጥሬው ቡና መናገሯ «እናቴ ትረሳለች» ከማለት የበለጠ ጠቅሟታል፣ ሐኪሙ እስክሪብቶውን ያነሳው ያኔ ነው። እና ሐኪሙ «እማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱላቸው።